ከእኛ የወጣው ብረት



ውድ እህትና ወንድሞች፣ ይህን የምንጽፍላችሁ የአንድ ዶርም ልጆች ነን። ታሪኩ የዶርማችን ልጅ የአንድ ወንድማችን ነው፤ ስሙን እንዳናነሳ እንጂ እንድንጽፈው ፈቅዶልናል። አንብቦም ሁለት ቦታ ላይ አርሞናል።

ዶርም ስንመደብ ስለ እሱ የምናውቀው «ደም ማነስ አለበት» የሚለውን ብቻ ነበር። ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል። ጥርሱን ሲፍቅ ድዱ ይደማል። በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ሐሙስ ይጠፋና ማታ ፊቱ ወዝ ኖሮት ይመለሳል። ደም ላነሰው ሰው ምን እንደሚደረግ ከእናቶቻችን እናውቃለን፤ ቀይ ሥር፣ ጉበት፣ የቀይ ጤፍ እንጀራ። ገንዘብ እያዋጣን ከግቢ ውጭ ጉበት እናስጠብስለት ጀመር። አንዳችን ጭራሽ ለነፍሰ ጡር የሚሰጠውን የብረት ኪኒን ከፋርማሲ ገዝቶ መጣ። ወንድማችን ኪኒኑን አይቶ ሳቀና ሎከሩ ውስጥ ቆለፈበት። ጉበቱን ግን እንዳይከፋን ብሎ ይበላልን ነበር።

አንድ ሐሙስ መቆም አቅቶት ሁለታችን ደግፈን ሆስፒታል ወሰድነው። ደሙ እስኪመጣለት ስንጠብቅ ዶክተሯ ስለ አመጋገቡ ጠየቁን። እኛም ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው ጉበቱንና ኪኒኑን ተረክንላቸው። ዝም ብለው አዩንና «እሱን እኮ የሚጎዳው ብረት ነው!» አሉ።

የእሱ ደም ማነስ የብረት እጥረት አይደለም። አፕላስቲክ አኒሚያ የሚሉት ነው፤ መቅኒው ደም ማምረት አቁሟል። ብረት ግን ሞልቶ ተርፎታል። የተጠራቀመውን የሚጠቁመው ፌሪቲን የተባለው ምርመራ 1,000 ሲያልፍ ሐኪሞች ብረቱን ስለማስወጣት ማሰብ ይጀምራሉ፤ የእሱ በዚያን ቀን 2,800 ነበር።

«ማቴሪያል ባላንስ» የሚባል ኮርስ አለን። የገባው ሲቀነስ የወጣው፣ የተጠራቀመው ነው። ነገሩ ከዚህ ብዙም አይዘልም፤ ስንቱን እንዳስለቀሰ ግን ባቻችን ያውቃል። የዚያን ማታ ዶርም ተመልሰን የወንድማችንን ሰውነት እንደ ታንከር ሣልነው። ጤነኛ ሰው በጠቅላላው ከ3 እስከ 4 ግራም ብረት አለው፤ የአንድ ሚስማር ክብደት ቢሆን ነው። በቀን ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም ከምግብ ይገባል፤ ያንኑ ያህል ከሚረግፈው ቆዳና ከአንጀት ሽፋን ጋር ይወጣል። ትርፍ ሲመጣ ከፍቶ የሚያፈስበት ቧንቧ ሰውነታችን የለውም። ያለው የመግቢያ ቫልቭ ብቻ ነው፣ እሱም አንጀት ላይ፤ ብረት ሲበዛ ይጠብባል፣ ሲያንስ ይሰፋል። በደም ሥር የሚሰጥ ደም ግን ቫልቩን ዘልሎ ነው የሚገባው። አንድ ከረጢት ደም ከ200 እስከ 250 ሚሊ ግራም ብረት ይዟል። ወንድማችን በወር ሁለት ይወስዳል፤ በዓመት 24። ይህም ከ4.8 እስከ 6 ግራም ማለት ነው። አላህ ለመላው ሰውነቱ ከመደበው የሚበልጥ ብረት በአንድ ዓመት ውስጥ! ስሌቱን ሁለት ጊዜ ደገምነው፤ ያው ነው።

ይህ ብረት ጉበትን ያጠባብሳል፣ ቆሽት ላይ ሲቀመጥ ስኳር ያመጣል፣ ልብ ላይ ሲደርስ ምቱን አዛብቶ ያደክመዋል። ሕክምናው ይህን በአብዛኛው የተማረው ታላሲሚያ ካለባቸው የቆጵሮስ፣ የግሪክና የጣሊያን ልጆች ነው። ደም እያገኙ ያድጉና በወጣትነታቸው በልብ ድካም ይሞቱ ነበር።

ሁላችንን ዝም ያሰኘን ግን ሌላ ነገር ነበር። ግቢ ውስጥ የደም ልገሳ ድንኳን ሲተከል ቀድመን የምንሰለፈው እኛ ነን። ደማችን ለማን እንደሚደርስ አናውቅም። ለእሱ ደርሶ ከሆነ ግን ከእኛ የወጣው ብረት ዛሬ ጉበቱ ውስጥ ተቀምጧል። ይህንኑ ስንነግረው፣ «ደሙ ባይኖር ኖሮ ብረቱን የሚሸከመው ሰው ከየት ይመጣ ነበር?» አለን።

ብረቱን እንደ መቆንጠጫ ይዘው የሚያስወጡ መድኃኒቶች አሉ። የቆየው ዴፈሮክሳሚን ነው፤ በትንሽ ፓምፕ ከቆዳ ሥር ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይንጠባጠባል፣ በሳምንት ከአምስት እስከ ሰባት ሌሊት። ሽንትን ያቀላዋል። ዴፈሪፕሮን የሚባል ኪኒንም አለ፤ ነጭ የደም ሕዋስን ሊያጠፋ ስለሚችል መቅኒው ለደከመ እንደ እሱ ላለ ሰው አይመከርም። ወንድማችን የሚወስደው እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደውን ዴፈራሲሮክስ ነው። በውሃ በጥብጦ፣ ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት፣ በባዶ ሆዱ ይጠጣዋል። ኖራ ኖራ ይላል ይላል። ሆዱን ያላላዋል፤ ኩላሊትም ሊጎዳ ስለሚችል በየወሩ ይመረመራል። የምትልክለት እህቱ ናት፣ ከጂዳ። መንገደኛ ሲጠፋ ሳምንታት ያለ መድኃኒት ያልፉታል።

ባለፈው ረመዳን ዶክተሯ እንዳይጾም ነግረውት ነበር። እኛ አልሰማንም። ሱሁር ላይ ከእኛ ጋር ይነሳል፣ መድኃኒቱን ይጠጣል፣ ይጾማል። ተቅማጥ ያዘው፤ ቀኑን ሙሉ ደግሞ ውሃ የለም። በአሥራ አንደኛው ሌሊት ከተራዊሕ ስንመለስ ዶርሙ በር ላይ ወደቀ። ኩላሊቱ ተነክቶ ስለነበር መድኃኒቱ አምስት ሳምንት ተቋረጠ። ደም መውሰዱ ግን ሊቋረጥ አይችልም። ስሌቱን እናንተም አሁን ታውቁታላችሁ።

ኡስታዛችን ሊዘይሩት መጡ። ለበሽተኛ የተሰጠውን ሩኽሳ ሁላችንም ልጅ ሆነን መድረሳ ቀርተነዋል፤ እሱ ደግሞ ከሁላችን ይበልጥ የቀራ ነው። «ፊቅሁን ታውቀዋለህ፤ ታዲያ ምን ይዞህ ነው?» አሉት።

ትንሽ ቆየና፣ «ሐሙስ ደም ወስጄ ጁምዓ ቀን ሰው ሲያየኝ ጤነኛ ነኝ። ስበላ ያየኝ ምን ይለኛል ብዬ ነው» አለ።

ማንም ቀና አላለም። በሳምንቱ መጀመሪያ ላይ ነው፤ በረመዳን ቀን ላውንጅ ውስጥ ማኪያቶ ሲጠጣ ያየነውን አንድ የባቻችንን ልጅ ዶርም ውስጥ እያነሳን ስንስቅበት ያመሸነው። ወንድማችን አልጋው ላይ ተኝቶ ነበር። እሱም አብሮን ስቆ ነበር።

የቀሩትን ቀናት ምሳውን ዶርም ውስጥ በላ። ሳህኑን በተራ አጠብንለት። ፊድያውን እንካፈል ስንለው እምቢ ብሎ ለየቀኑ አንድ ሚስኪን ከኪሱ አበላ።

አልሐምዱሊላህ፣ ፌሪቲኑ ወደ 1,900 ወርዷል። እህቱ የላከችው መድኃኒት ሁለት ወር ያቆየዋል። በመጪው ሐሙስ ሁለት ከረጢት ይወስዳል። ከእኛም ሁለታችን ካለፈው ልገሳ ሦስት ወር ስለሞላን የዚያኑ ቀን ከዙህር በኋላ ወደ ደም ባንክ እንሄዳለን ኢንሻአላህ። አብሮን የሚሄድ ምሳውን በልቶ ዋናው በር ላይ ይጠብቀን።