ላዩ የደረቀ ሳህን



ረመዳን ሲቃረብ የቴምር ሳህንና የሻይ ትሪ ትዕዛዝ ይበዛብናል። እኔና ታናሽ ወንድሜ የምንሠራው በዋንዛ እንጨት ነው፤ ላዩ ላይ ባለቀለም ኢፖክሲ ሬዚን እናፈስበታለን። እንደ መስታወት ያበራል፣ ፎቶው ላይ ደግሞ ከእውነቱም ያምራል። ዘንድሮ ታዲያ አንዲት እናት ሳህኑን አገላብጠው አዩና «ልጄ፣ ይኼ ነገር ምግቡ ላይ አይለቅም?» አሉኝ። መልሱ በአንድ ቃል የሚያልቅ ስላልሆነ እዚህ ልጻፈው።

ኢፖክሲ ሁለት ፈሳሽ ነው፦ ሬዚኑና ማጠንከሪያው። አምራቹ ባዘዘው መጠን ሲቀላቀሉ ተያይዘው ይጠጥራሉ። አንዱ ከበዛ ትርፉ የሚይዘው አጥቶ ውስጥ ይቀራል፤ ወደ ምግብ የሚሄደውም በዋናነት እሱ ነው። ስለዚህ በዓይን ግምት አይሠራም። ሌላው ጊዜ ነው። በ24 ሰዓት ገደማ እጅ ላይ አይጣበቅም፣ ሙሉ ለሙሉ ለመጠንከር ግን እንደ ዓይነቱ ከ7 እስከ 30 ቀን ይፈልጋል፤ ብርድ ደግሞ ያዘገየዋል። ላዩ ደረቅ፣ ውስጡ እርጥብ የሆነ እህል ይሸጥ የነበረውን ነጋዴ ታሪክ ሁላችንም ሰምተናል። በማግስቱ የሚሸጥ የኢፖክሲ ሳህን ከዚያ እህል በምን ይለያል? አንድ ደንበኛ 40 ሳህን በ8 ቀን ሲጠይቀን ያልተቀበልነው ለዚህ ነው። ገንዘቡ ያስፈልገን ነበር፣ አልሐምዱሊላህ።

ጣሳው ላይ «ፉድ ሴፍ» ወይም «ኤፍዲኤ» የሚል አይታችሁ ይሆናል። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለእያንዳንዱ ጣሳ ማህተም አይመታም። ያለው ደንብ ነው፣ ቁጥሩ 175.300። ሽፋኑ ከምን ሊሠራ እንደሚችል፣ ከጠነከረ በኋላም ምን ያህል ሊለቅ እንደሚፈቀድለት ይዘረዝራል። ወንድሜ፣ አንተ ብልጭልጭና ቀለም ከጨመርክበት በኋላ የፋብሪካው ቃል ያንተን ሳህን አይሸፍንም።

ብዙው ኢፖክሲ የሚሠራው ከቢስፌኖል ኤ መሆኑም አለ። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2023 ሰው በየቀኑ ቢወስደው አይጎዳውም የሚባለውን የዚህን ንጥረ ነገር መጠን በ20,000 እጥፍ ዝቅ አድርጎታል። ሙቀትም አይስማማውም፤ ለእጅ ሥራ የሚሸጠው አብዛኛው ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ላይ መለስለስ ይጀምራል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከእሳት የወረደ ጀበና ወይም ትኩስ ሳምቡሳ አስቀምጡበትና ምልክቱን ታያላችሁ። ቢላዋም ይፍቀዋል።

እኛ የደረስንበት ይህ ነው፦ ኢፖክሲው ጠርዙና ውጪው ላይ ብቻ፣ ምግብ የሚነካው ክፍል ባዶ እንጨት። እንጨቱን የማር ሰም ለምግብ ከተፈቀደ የፓራፊን ዘይት ጋር አቅልጠን እንቀባዋለን፤ ሲደበዝዝ ገዢው ራሱ ይደግመዋል። እንደ መስታወት አያበራም፣ አንዳንዱም አይቶ ይመለሳል። ላልተመለሰው ግን በሙቅ ውሃ እንዳይዘፈዝፈው በወረቀት ጽፈን እንሰጠዋለን።

የተልባ ዘይት የምትመርጡ፣ ከቀለም መደብር «የተቀቀለ» የሚባለውን አትውሰዱ፤ ቶሎ እንዲደርቅ የብረት ጨዎች ይጨመሩበታል። ንጹሑ ይሻላል፣ መድረቁ ግን ሳምንታት ይፈጃል። የቀባችሁበትንም ጨርቅ ጨብጣችሁ ጥግ ላይ አትጣሉ፤ ክብሪት ሳይነካው ራሱ ግሎ ሊነድ ይችላል። ዘርግታችሁ ውጪ አድርቁት።