ሦስት እግር

ለሚ ዳር ላይ መሬቱ ድንገት ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ገደል ነው፤ ታች፣ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ፣ ጀማ ወደ ዓባይ ይሄዳል። አጎቴ በወጣትነቱ እዚህ አፋፍ ላይ በሆዱ ተኝቶ፣ ምንሽሩን ደግፎ፣ ሰስ ይጠብቅ ነበር። አዋጅ ቁጥር 541/1999 ከመውጣቱ በፊት መሆኑን ሁልጊዜ ይጨምራል። ያኔስ ፈቃድ ነበረህ ወይ ብዬ ጠይቄው አላውቅም።

አምና ባይኖኩላር ወሰድኩለት፤ አስር እጥፍ የሚያቀርብ። ዓይኑ ላይ አድርጎ ወዲያው መለሰልኝ።

«ምንም አይታይበትም።»

መነጽሩ ደህና ነበር። የሚንቀጠቀጠው የእሱ እጅ ነው፤ አስር እጥፍ የሚያቀርብ መነጽር ደግሞ መንቀጥቀጡንም አስር እጥፍ ያደርገዋል። ይህን ለአጎቴ በምን አፌ ልንገረው?

ዘንድሮ ትራይፖድ ይዤ ሄድኩ። ሦስቱን እግሮች ዘርግቼ ስተክል፣ «መትረየስ ነው ያመጣህብን?» አለኝ። በሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር፤ ዘንድሮ ግን ቀና ብዬ መንገዱን ቃኘሁ።

ባይኖኩላሩን አሰርኩለት፤ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እኔ ብሆን ሸለቆውን ከዳር ዳር እጠርገው ነበር። እሱ አንዱን ቋጥኝ ይዞ ረጅም ጊዜ ቆየ፣ ከዚያ ትንሽ ዝቅ አደረገው፣ እንደገና ቆየ።

«ጋሼ፣ አገኘህ?»

«ሰስ አይፈለግም። ጆሮ ነው የሚፈለገው።»

ከታች ቆቅ ጮኸ። ፈረንጆች ቴሌስኮፕ ተሸክመው ወደ ጀማ የሚመጡት ለአንድ የቆቅ ዓይነት ነው፤ በ1899 እ.ኤ.አ. በሳይንስ ስም ወጣለት፣ ከዓባይና ከገባሮቹ ሸለቆዎች ውጭ አይገኝም። ብነግረው፣ «ስንቱን በልቼዋለሁ» አለ፣ ዓይኑን ሳያነሳ።

ከዚያ ዝም አለ። ቦታውን ሳይነካ እንዳይ ለቀቀልኝ። ሁለት ሰሶች ናቸው። አንዱ ይግጣል፤ ሌላው ቋጥኝ ጫፍ ላይ በሰኮናው ጥፍር ቆሞ ይጠብቃል። እንዲህ ነው ልማዳቸው፣ ጥንድ ሆነው በተራ።

«ጠባቂውን ነበር የምመታው» አለ አጎቴ። «ሌላኛዋ ርቃ አትሄድም ነበር።»

መልስ አልነበረኝም። ቦታውን መለስኩለት። ሁለት እጆቹ ጉልበቱ ላይ ይንቀጠቀጣሉ፤ መነጽሩ ግን አይነቃነቅም። ፀሐይዋ እስክትከር ድረስ ተነስ አላልኩትም።