«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን»

በእኛ ባህል «እንዴት አደርክ?» ለሚል ሰው የምንሰጠው መልስ ስለ ጤናችን ብዙም አይናገርም። የታመመውም፣ ያዘነውም፣ ጦሙን ያደረውም «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ቃሉ ምስጋና እንጂ የምስክርነት ቃል አይደለም። እኔ ግን ይኸው ቃል በአሜሪካ አገር፣ በክርክር መዝገብ ውስጥ፣ ምስክር ሆኖ ሲቆምብኝ አየሁ።

በዋሽንግተን አካባቢ በሚገኝ አየር ማረፊያ ለ14 ዓመታት ሻንጣ ስጭንና ሳወርድ ኖርኩ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወገቤ ዲስክ ተንሸራቶ ነርቭ ተጫነ። ቀዶ ሕክምና ቢደረግልኝም ከሃያ ደቂቃ በላይ መቀመጥም ሆነ መቆም አቃተኝ። በዚህ አገር ሠራተኛ ከደመወዙ ላይ ለማኅበራዊ ዋስትና ይቆረጥበታል፤ በአካል ጉዳት ምክንያት መሥራት የተሳነው ሰው ከዚያው ክፍያ እንዲያገኝ የሚፈቅደው ሕግ የወጣው በ1956 ነው። ስለዚህ ያቀረብኩት ልመና አልነበረም። አመለከትኩ፤ ተከለከልኩ። እንደገና ይታይልኝ አልኩ፤ ዳግመኛ ተከለከልኩ።

ቀጣዩ ደረጃ በመሥሪያ ቤቱ ዳኛ ፊት ቀርቦ መሰማት ነው። በ2021 ወረርሽኙ ስላልለቀቀን ችሎቱ በስልክ ሆነ። እኔ ግን ሙሉ ልብሴን ለብሼ፣ ክራባቴን አስሬ ጠበቅኩ። ባለቤቴ «ማን ያይሃል?» አለችኝ። አያቴ ለርስት ክርክር ሲሄዱ ጋቢያቸውን አደግድገው በዳኛ ፊት እንደሚቆሙ እየተነገረኝ አድጌአለሁና ችሎትን በሌላ መልክ ላስበው አልቻልኩም። በማእድ ቤታችን ግድግዳ ተደግፌ፣ አንዴ እየቆምኩ አንዴ እየተቀመጥኩ መለስኩ። ያን መነሣትና መቀመጥ ዳኛው አላዩትም።

በመስመሩ ላይ የነበሩት የሥራ ገበያ ባለሙያ «ይህ ሰው ለውዝ ለቃሚ ሊሆን ይችላል» ማለታቸውን አስተርጓሚው ነገረኝ። እናቴ ሰፌዷን ይዛ ምስር ስትለቅም በዓይኔ መጣች። ደመወዝ ከፍሎ ለውዝ የሚያስለቅመኝ ማን እንደሆነ ግን የነገረኝ የለም። ባለሙያው የጠቀሱት የሥራ ዓይነቶች መዝገብ ለመጨረሻ ጊዜ የታደሰው በ1991 ነበር። በ2024 መሥሪያ ቤቱ ራሱ በዚያ መዝገብ ካሉት ያረጁ ሥራዎች ብዙዎቹ ክፍያ ለመከልከያ እንዳይጠቀሱ ወሰነ፤ ለእኔ ግን ያኔ ተጠቅሰው ነበር።

ውሳኔው ሲመጣ ያነበበችልኝ ልጄ ናት። «አመልካቹ ደህና መሆኑን ለሐኪሙ በተደጋጋሚ ገልጿል» ይላል፤ ቀኖቹም ተዘርዝረዋል። ልጄ ማንበቧን አቆመች። በእነዚያ ቀኖች ክሊኒክ አብራኝ የምትሄደው፣ የምታስተረጉምልኝም እርሷ ነበረች። ያኔ 15 ዓመቷ ነበር። ሐኪሙ «እንዴት ነህ?» ሲለኝ የተናገርኩትን፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ፣ እንዳሳደግኳት በታማኝነት አደረሰች።

«አባዬ፣ ያስከለከልኩህ እኔ ነኝ?»

አይደለሽም አልኳት። እውነቱን ግን ያን ዕለት አልነገርኳትም። «ደህና ነኝ» ያልኩት ከልማድ ብቻ አልነበረም፤ እርሷ አጠገቤ ስለቆመች ጭምር ነበር። ካልሲዬን ማጥለቅ እንደተሳነኝ፣ ሌሊት ሌሊት በሕመም እንደማለቅስ በልጄ አፍ እንዲነገር አልፈለግኩም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያልኩ ያሳደግኳት ግን እኔው ነበርኩ።

የይግባኝ ሸንጎው ጉዳዩን አላይም ባለ ጊዜ የቀረኝ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት መሄድ ነበር፤ የተሰጠኝም 60 ቀን ነው። በ2022 የመዝገብ ማስከፈቻ 402 ዶላር ከፍለን ክስ መሠረትን። ሙሉ ልብሴን ደግሞ አስተኮስኩ። ጠበቃዬ ግን «አንተ አትቀርብም» አለችኝ። በዚህ ዓይነት ክስ ምስክር አይሰማም፤ ዳኛው የሚያነብበው የተዘጋውን መዝገብ ነው። የሚጠይቀውም «ሰውየው ታሟል ወይ?» ብሎ አይደለም፤ «ውሳኔው በቂ ማስረጃ አለው ወይ? ሕጉስ ተጠብቋል ወይ?» ብሎ ነው። «በሕግ አምላክ!» ብዬ የምጮኽበት አደባባይ አልነበረም። ከ800 ገጽ በላይ የሆነ ወረቀት ስለ እኔ ሊናገር ሄደ።

ጠበቃዬ ያንን ሁሉ ገጽ አገላበጠችው። «ደህና ነኝ» ከሚለው ቃል ሥር፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሐኪም እጅ፣ የአካሄዴ መዛባትና የግራ እግሬ መድከም ተጽፎ አገኘች። ሰላምታዬ ተጠቅሶ ምርመራው ተዘልሎ ነበር። በ2023 ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን ሽሮ ጉዳዩ እንደገና እንዲሰማ መለሰው፤ የሐኪሙ አስተያየት ለምን ውድቅ እንደተደረገ አልተብራራም በማለት። ረታሁ ማለት አልነበረም፤ ሌላ ዓመት መጠበቅ ነበር። ባለቤቴ በዚያ ሁሉ ጊዜ ሁለት ፈረቃ ትሠራ ነበር።

በ2024 በአካል ቀረብኩ። ልጄ ከኋላዬ ተቀምጣለች። አዲሷ ዳኛ ገና ስገባ «ዛሬ እንዴት ነዎት?» አሉኝ። ያ ቃል ጥርሴ ድረስ መጣ። ዋጥኩትና «ዛሬ ጠዋት ካልሲዬን ያጠለቀችልኝ ባለቤቴ ናት» አልኩ። አስተርጓሚዋ ተረጎመች። ዘወር ብዬ ልጄን ለማየት አልደፈርኩም።

ከሁለት ወር በኋላ የተፈቀደልኝ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰኝ።

በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሰው ሲያገኘኝ ዛሬም «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ፤ ይህን የምተው አይመስለኝም። ልጄ ግን ከትምህርት ቤት ስትደውል እንዲህ ስላት ስልኩን አትዘጋም። ጥቂት ትጠብቅና «እሺ አባዬ፣ ሰላምታውን ሰማሁ፤ አሁን ደግሞ ወገብህን ንገረኝ» ትለኛለች። እነግራታለሁ።