ጊፋታ ቀን አያራዝምም

ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በሶዶ ስለ ወላይታ የዘመን መለወጫ፣ ስለ ጊፋታ፣ የስልክ ጨዋታ መሥራት ስንጀምር የማስረከቢያው ቀን በዓሉ ራሱ ነበር። ዕቅድ አልጎደለንም፤ ነገር ግን በየሳምንቱ አዲስ ደረጃ ስንጨምር መስከረም ደረሰ። በእጃችን የነበረው ሊጫወቱት የማይቻል ቁርጥራጭ ነበር።

ጊዜውና የሰው ኃይሉ ሊጨመሩ ካልቻሉ የሚቀነሰው የሥራው ወሰን ነው። የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ የሠራው «ኩኩሉ» ከገበሬ በምታመልጥ አንዲት ዶሮ ላይ የቆመ ነው፤ ጠባብ ሐሳብም ሙሉ ጨዋታ ይሆናል።

በሁለተኛው ዓመት የስክረምን አሠራር ተከተልን፤ በየ2 ሳምንቱ የሚሠራ ናሙና ለሠፈር ልጆች ሰጠን። አስደሳችነት በዕቅድ ሰነድ አይለካምና ልጆቹ የተዉትን ሰረዝን። ከ12 ደረጃዎች የተረፉት 3 ብቻ ናቸው። እነርሱ ግን ለጊፋታ ደረሱ።