ልጃገረድን ከገዛ ሰውነቷ ጋር የሚያጣላ ስድብ

በትምህርት ቤት የሚደርስ ማንጓጠጥ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከሰውነት ነው። ዩኔስኮ በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ በዓለም ላይ ካሉ ተማሪዎች ሲሶ የሚጠጉት በአንድ ወር ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ በእኩዮቻቸው ተጠቅተዋል፤ ለጥቃቱ ሰበብ ከሚሆኑት ቀዳሚው ደግሞ መልክና ቁመና ነው። ስድቦቹም የታወቁ ናቸው፦ ዱባ፣ ስንጥር፣ ቀውላላ፣ ከሰል። የአንዲት ልጅ ቪዲዮ በየስልኩ ሲዞር ከሥሩ የሚደረደሩትም እነዚሁ ናቸው፤ ልጅቷ ዩኒፎርም የለበሰች ተማሪ መሆኗ ማንንም አያስቆምም።

ይህ ተራ የልጆች ጠብ አይደለም። ጉዳዩን ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያጠኑት ተመራማሪው ዳን ኦልዌየስ በሦስት ምልክቶች ለይተውታል፦ ሆን ተብሎ ይፈጸማል፣ ይደጋገማል፣ ተጠቂዋም ራሷን መከላከል የማትችልበት የኃይል ልዩነት አለው። በሴቶች ልጆች መካከል ያ ኃይል ከጡጫ ይልቅ ማግለል ነው። በእረፍት ሰዓት አብሯት የሚቀመጥ ይጠፋል፣ ወሬ ይነዛባታል፣ ፎቶዋ በቴሌግራም ግሩፕ ይለቀቅና ይሳቅበታል። ድሮ ስድቡ የትምህርት ቤቱን በር አልፎ አይመጣም ነበር፤ አሁን ማታ አልጋዋ ድረስ ይከተላታል።

ጉርምስና ላይ ጉዳቱ የሚከፋበት ምክንያት አለው። በዚህ ዕድሜ ዳሌና ጡት ይሞላል፣ ክብደት ይጨምራል፣ ብጉር ይወጣል፤ ይህ ሁሉ ጤናማ ዕድገት ነው። ቀድማ የደረሰች ልጅ ግን ከክፍሏ ተለይታ ስለምትታይ በተለይ ትጋለጣለች። የእኩዮች ፍርድ ከወላጅ ምክር በላይ የሚከብደውም በዚሁ ጊዜ ነው። ስድቡ ሲደጋገም ልጅቷ ሰውነቷን በሰዳቢዎቿ ዓይን ማየት ትጀምራለች። በሙቀት ሹራብ አታወልቅም፣ ጡቷን ለመደበቅ ትጎብጣለች፣ ከስፖርት ክፍለ ጊዜ ትቀራለች። ምሳዋን ሳትነካ ትመልሳለች፤ ጾም ነው ካለች ደግሞ ማንም አይጠይቃትም። ቆዳዋ የተሰደበባት ፊት የሚያቀላ ክሬም ትፈልጋለች፤ ከእነዚህ ክሬሞች አንዳንዶቹ ኩላሊት የሚጎዳ ሜርኩሪ አለባቸው።

እዚህ ላይ ከትምህርት ቤቱ ወጥቶ ወደ ቤት መግባት ያስፈልጋል። በአሜሪካ ሚኒሶታ 4,746 ታዳጊዎችን ያካተተና በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ከሴቶቹ 30 በመቶ ያህሉ ስለ ክብደታቸው በእኩዮቻቸው፣ 29 በመቶ የሚጠጉት ደግሞ በገዛ ቤተሰባቸው እንደተቀለደባቸው አሳይቷል። ቀልዱ ሰውነትን ከመጥላት፣ ከድብርትና ራስን የማጥፋት ሐሳብ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል፤ የልጆቹ ትክክለኛ ክብደት ከግምት ከገባ በኋላም ግንኙነቱ አልጠፋም። ከሁለቱም ወገን የተቀለደባቸው ደግሞ ይበልጥ ተጎድተዋል። እኛ አገር እንዲህ ያለው ቀልድ ሰላምታ ነው። በሰርግም፣ በለቅሶም፣ በበዓልም አክስት ከበር ሳትገባ «ምነው እንዲህ ወፈርሽ?» ትላለች፤ አጎት «ይቺ ልጅ አትበላም እንዴ?» ይላል፤ እህቷ ቀይ ከሆነች ንጽጽሩ ይከተላል። ልጅቷ ዝም ካለች ኩሩ ትባላለች፣ ካለቀሰች «ቀልድ አታውቅም» ይሏታል። በፍቅር ተባለ ማለት ቃሉን አያለዝበውም። ትምህርት ቤት የሚጠብቃት ሰዳቢ ቤተሰቧ የጀመረውን ነው የሚቀጥለው፤ እሷም የምታምነው አስቀድሞ ከሚወዷት ሰዎች ስለሰማችው ነው።

«ልጅነት ነው፣ ያልፋል» የሚለው ማጽናኛም በማስረጃ አይደገፍም። በብሪታንያ በ1958 እ.ኤ.አ. በአንድ ሳምንት ውስጥ የተወለዱ ልጆች ለአሥርት ዓመታት ክትትል ተደርጎላቸዋል። በ7 እና በ11 ዓመታቸው በእኩዮቻቸው ይጠቁ የነበሩት፣ 50 ዓመት ሲሞላቸው እንኳ የሥነ ልቦና ችግር ከሌሎቹ ይልቅ ይበዛባቸው ነበር።

መከላከያው የሚያተኩረው ስድቡን ቆመው በሚያዩት ልጆች ላይ ነው። ፊንላንድ ውስጥ የቱርኩ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው ኪቫ የተባለ ፕሮግራም የክፍሉ ልጆች ለሰዳቢው መሳቅ እንዲያቆሙና ከተጠቂዋ ጎን እንዲቆሙ ያሠለጥናል፤ ታዳሚ ያጣ ሰዳቢ ጉልበት ያጣልና። ወላጅ ደግሞ «አንቺም ስደቢያቸው» ወይም «ትንሽ ቀንሺ» ከማለት በፊት ልጅቷን እስከ መጨረሻ መስማት አለበት። ምግብ ከተወች፣ ከበላች በኋላ ካስመለሰች፣ ራሷን ከቆረጠች ወይም ስለ ሞት ካወራች ነገ ሳይባል ሐኪም ዘንድ መወሰድ አለባት።

በሚመጣው በዓል ቤታችሁ የምትመጣውን ልጅ ስለምታነበው መጽሐፍ፣ ስለምትወደው ትምህርት፣ ስለ ጓደኞቿ ጠይቋት። ስለ ሰውነቷ ምንም አትበሏት።