ያልተቆረጠው የእናቴ ቲኬትና ክሬዲት ካርዴ

ረዘም ያለ ጽሑፍ ስለሆነ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ሰሞኑን አንዲት እህታችን የአባቷን የአውሮፕላን ቲኬት ገንዘብ በዜል ልካ ኤጀንቱ ስልክ አላነሳ ብሏት ስታለቅስ ከሰማሁ ወዲህ "ያንቺን ነገር ለምን አትጽፊውም?" የሚሉኝ ሰዎች በዝተዋል። እሺ፣ ልጻፈው። የኤጀንቱን ስም አልጠራም፤ እናንተም በግምት አትጥሩ። ሰውየው ልጆች አሉት፣ ጉዳያችንም አልቋል።

አምና ጃንዋሪ ላይ ሰባተኛ ወሬን ልይዝ ትንሽ ነበር የቀረኝ። የመጀመሪያ ልጄ ነው። እናቴ ልታርሰኝ እንድትመጣ ቪዛዋ ተሳክቶ የቀረው ቲኬት ብቻ ነበር። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ ሰው የሚሄድበት አንድ ኤጀንት ዘንድ ሄድን። ከቦሌ ዳላስ ደርሶ መልስ 1,480 ዶላር አለን። ቀጠል አድርጎ "በዜል ከሆነ ይኸው ነው፤ በካርድ ከሆነ 3 ፐርሰንት ይጨመራል" አለ። 44 ዶላር ከ40 ሳንቲም መሆኑ ነው። ባለቤቴ በዓይኑ "በዜል ላኪውና እንሂድ" እያለኝ ነው። እኔ ግን ሆቴል ፍሮንት ዴስክ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። እንግዳው ከከፈለ ከወር በኋላ በባንኩ በኩል ሲሟገት፣ ሥራ አስኪያጃችን ፊርማና ደረሰኝ ፍለጋ እንዴት እንደሚንቆራጠጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ክሬዲት ካርዴን አውጥቼ ሰጠሁት። 1,524 ከ40 ሳንቲም።

በዚያው ምሽት ኢሜይል ላከልን። የእናቴ ስም፣ የበረራው ቀን ማርች 16፣ ስድስት ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ኮድ። ያማረ ወረቀት ነው። ቲኬት የሚመስል ወረቀት።

አሁን እዚህ ላይ ልቁም፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው። ያ ባለስድስት ሆሄ ኮድ ሪዘርቬሽን ነው እንጂ ቲኬት አይደለም። ወንበር ተያዘ ማለት ነው፤ ተከፈለ ማለት አይደለም። ቲኬት ሲቆረጥ 13 አሃዝ ያለው የቲኬት ቁጥር ይሰጠዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ በ071 ይጀምራል። ወረቀታችሁ ላይ ያ ቁጥር ከሌለ ኤጀንቱን "የቲኬት ቁጥሩን ላክልኝ" በሉት። እኔም ብዬዋለሁ፣ ሁለት ጊዜ፣ በቴክስት። "ሲስተሙ ሲለቀው እልክልሻለሁ እህቴ" ብሎ መልሷል፣ እሱም በቴክስት። ያ ቴክስት በኋላ ወርቅ ሆነ።

ማርች 2 ለእናቴ ዊልቼር ለማስመዝገብ (ጉልበቷን ያማታል፣ እንግሊዝኛም አትችልም) አየር መንገዱ ጋ ደወልኩ። ልጅቷ ፈልጋ ፈልጋ "በጊዜው ቲኬት ስላልተቆረጠበት ሪዘርቬሽኑ ተሰርዟል" አለችኝ። ስምንት ወር ተኩል እርጉዝ ሆኜ ይህን ስሰማ ምን እንደተሰማኝ አልጽፍም፤ ወልዳችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ኤጀንቱ "ነገ አስተካክላለሁ" አለ። ነገ ሌላ ነገ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ስልኩ በቀጥታ ቮይስሜይል መግባት ጀመረ። በዚያው ቀን ከአየር መንገዱ በቀጥታ፣ በዚያው ካርድ፣ ሌላ ቲኬት ቆረጥኩላት። 1,910 ዶላር። ከዚያ ኤጀንቱን "ቲኬቱ ስላልተቆረጠ ገንዘቤን በካርዴ ላይ መልስልኝ" ብዬ ጻፍኩለት። ማታ ላይ መልሱ መጣ፦ "ቲኬቱ ሪፈንደብል አይደለም።"

ያልተቆረጠ ቲኬት ሪፈንደብል አይደለም! ባለቤቴ እስከ ዛሬ ቤት ውስጥ ምግብ ቶሎ ካልደረሰ በዚህ ይቀልድብኛል።

ማርች 6 ባንኬ ጋ ዲስፒውት ከፈትኩ።

ነገሩን ለእናቴ ሳስረዳት "ታዲያ በዱቤ ነው እንዴ የምትኖሩት?" አለችኝ። አዎ፣ ዱቤ ነው፣ ግን የሰፈር ሱቅ ዱቤ አይደለም። የሰፈር ዱቤ ሲሆን የሚታገሠን ባለሱቁ ነው። በክሬዲት ካርድ ግን ባለሱቁ ገንዘቡን ከባንኩ ይቀበልና የሚታገሠን ባንኩ ይሆናል። ስለዚህ ዕቃው ሳይመጣ ሲቀር ባለሱቁ ይዞ የሄደው ገና የባንኩን ገንዘብ ነው፤ ባንኩም መንገዱ ስላለው መልሶ ከነጋዴው ሂሳብ ይወስደዋል። ዜል ግን ገንዘቡን በራሳችን እጅ ሰው ኪስ ውስጥ መክተት ነው። "ራስሽ ነሽ የላክሽው" ከተባለ አለቀ። ዴቢት ካርድ መሃል ላይ ነው፤ ባንኩ ሊሞክርልን ይችላል፣ ነገር ግን ያልመጣ ዕቃን በተመለከተ እንደ ክሬዲት ካርዱ ያለ የሕግ ከለላ የለውም፣ ገንዘቡም ከኪራያችን ላይ ወጥቷል።

ይኼ የባንክ ቸርነት እንዳይመስላችሁ። በ1974 የወጣ ፌር ክሬዲት ቢሊንግ አክት የሚባል የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ አለ። ከፍለንበት በስምምነቱ መሠረት ያልቀረበ ዕቃ ወይም አገልግሎት እንደ ሂሳብ ስህተት ይቆጠራል። ሂሳቡ ያለበት የመጀመሪያው ስቴትመንት ከተላከ ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ አቤቱታችን በጽሑፍ ባንኩ ጋ መድረስ አለበት። ባንኩ በ30 ቀን ውስጥ "ደርሶኛል" ማለት፣ በሁለት የሂሳብ ዙር ውስጥ፣ ቢበዛ በ90 ቀን፣ መጨረስ አለበት። እስከዚያ የተከራከርንበትን ገንዘብ አልከፈላችሁም ብሎ ክሬዲታችንን ማበላሸት አይችልም። የቀረውን ሂሳብ ግን እንደ ወትሮው መክፈል ነው፤ "ዲስፒውት ላይ ነኝ" ብላችሁ ሙሉውን እንዳትተዉት።

የእኔ የጃንዋሪ ስቴትመንት የወጣው በ24 ነበር። ስለዚህ እስከ ማርች 25 ነበረኝ። ኤጀንቱ "ነገ፣ ነገ" ሲል ምን እያስበላኝ እንደነበር አሁን ገባችሁ? ቪዛና ማስተርካርድ (የኤምባሲውን ቪዛ አይደለም!) የራሳቸው ደንብ ስላላቸው አገልግሎቱ ይሰጣል ከተባለበት ቀን ጀምሮ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 120 ቀን ይፈቅዳሉ። እሱን ተማምኖ መቀመጥ ግን አልወድም። አፑ ላይ "አገልግሎቱን አላገኘሁም" የሚለውን መርጬ ሞላሁ፤ በማግስቱ ደግሞ ያንኑ አንድ ገጽ አድርጌ ስቴትመንቱ ላይ ለሂሳብ ጥያቄ ተብሎ ወደተጻፈው አድራሻ በሰርቲፋይድ ሜይል ላክሁ። ክፍያ የሚላክበት አድራሻ ሌላ ነው፤ እንዳታምታቱት።

በሳምንቱ 1,524 ከ40 ካርዴ ላይ ተመለሰ። ጓደኛዬ "በቃ አሸነፍሽ!" ብላ እልል አለች። አላሸነፍኩም። ጊዜያዊ ነው። ነጋዴውም መልስ የመስጠት መብት አለው፤ መልሱ ካሳመናቸው ገንዘቡ ተመልሶ ይሄዳል።

እናቴ ማርች 16 ገባች። ልጄ በ28 ተወለደች። ኤፕሪል 8፣ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ከባንኩ ደብዳቤ መጣ። ኤጀንቱ መልስ ሰጥቷል። ማስረጃው ያ ያማረ ወረቀት ነው፤ ከሥሩ "ቲኬት ተሰጥቷታል፣ ሪፈንድ የለም" የሚል። በ10 ቀን ውስጥ መልስ ስጪ ይላል። እናቴ ገንፎ እያገነፋች፣ ልጄ ጡት ላይ እያለች፣ በአንድ እጄ ስልኬ ላይ መልስ ጻፍኩ። የአየር መንገዱን ቻት አስቀድሜ በጽሑፍ ጠይቄ ስለነበር "በዚህ ሪዘርቬሽን የተቆረጠ ቲኬት የለም" የሚለው ቃላቸው በኢሜይል እጄ ላይ ነበር። እሱን፣ "ሲስተሙ ሲለቀው" የሚለውን ቴክስት፣ ገንዘቤን መልስልኝ ያልኩበትን፣ የአዲሱን ቲኬት ደረሰኝ፣ በቀን ቅደም ተከተል አያያዝኩ። ስድብ የለም፣ "ልቤን ሰበረው" የለም። ባንክ ቤት ያለው ሰው በቀን ስንት ፋይል እንደሚያይ አስቡት፤ ቀንና ወረቀት ነው የሚፈልገው።

ከባዱ ነገር ግን ባንኩ አልነበረም።

በዚያ ሰሞን ኤጀንቱ ድንገት ስልኩ ሠራለት። "እህቴ፣ ዲስፒውቱን ካንስል አድርጊውና ዛሬ ማታ በዜል እልክልሻለሁ።" ይህን ሰምታችሁ እንዳታደርጉት። አንዴ "ትቼዋለሁ" ካላችሁ በኋላ በዚያው ጉዳይ መልሶ መክፈት አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም። "በከፈልኩበት ካርድ ላይ መልስ፣ የዚያን ጊዜ ራሱ ይዘጋል" አልኩት። ዝም አለ።

ከዚያ ቅዳሜ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አባት ከባለቤታቸው ጋር አራስ ሊጠይቁ መጡ። ገንፎው ተበላ፣ ልጅቷ ተመረቀች፣ ቡናው ሁለተኛ ላይ ሲደርስ ጋሼ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። "ልጄ፣ ወገን ወገኑን ለነጭ ባንክ ይከሳል እንዴ? ልጁ ካርድ መቀበያውን ሊነጥቁት ነው።" እውነታቸውን ነው፤ እንዲህ ያለ ክስ የበዛበት ነጋዴ ካርድ መቀበል ሊከለከል ይችላል፣ ለእያንዳንዱም ቅጣት ይከፍላል። አፍሬ አንገቴን ደፋሁ። ጥፋተኛ ሆኜ አይደለም፤ ትልቅ ሰው ቤቴ ድረስ መጥቶ እምቢ ማለት ስለሚከብደኝ ነው።

የመለሰችው እናቴ ናት። ሲኒውን እያቀረበች፣ ድምጿን ሳታነሳ፣ "ሽማግሌ መምጣቱ ደግ ነው ጋሼ። በእኛ አገር ግን ሽማግሌ የሚመጣው ካሣ ይዞ ነው" አለች።

ቤቱ ጸጥ አለ። የጋሼ ባለቤት ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። እኔም ድፍረት አገኘሁ። ለጋሼ ወረቀቶቹን አሳየኋቸው። ባንኩ የሚመልሰው ለኤጀንቱ የከፈልኩትን ብቻ እንደሆነ፣ በአዲሱ ቲኬት ላይ የጨመርኩት 430 ዶላር ግን የትም እንደማይመለስ ነገርኳቸው። እዚህ ሜሪላንድ እስከ 5,000 ዶላር በትንንሽ ክሶች ችሎት መክሰስ ይቻላል፤ እኔ ግን ያንን ለሽማግሌ ልተወው አልኩ። "የባንኩን ባንኩ ይጨርሰው። ይቺን ግን እርስዎ ይዳኙን።" ጋሼ ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አዩት። ለእሱ የተነገራቸው "ሄዳ ስታበቃ ካደችኝ" የሚል ነበር።

ይኼን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። በእርግጥም እንደዚያ የሚያደርጉ አሉ። ቲኬቱ ተቆርጦላቸው፣ ሄደው፣ ሠርግ በልተው ተመልሰው "አላውቀውም" ብለው ዲስፒውት የሚከፍቱ። ያ ስርቆት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ሐቀኛው ኤጀንት ካርድ አልቀበልም እንዲል የሚያደርጉትም እነሱ ናቸው።

ሜይ 20 የባንኩ የመጨረሻ ደብዳቤ መጣ። ተዘግቷል፣ ገንዘቡ የእኔ ነው። ጋሼ ከሁለት ሳምንት በኋላ ፖስታ ይዘው መጡ፤ 300 ዶላር። 130ዋን ለሽማግሌዎቹ ቡና ብዬ ተውኩ። ኤጀንቱን ከዚያ ወዲህ እንጀራ መግዣው ጋ ሁለት ጊዜ አግኝቼዋለሁ። ሰላም እንባባላለን፣ ብዙ አንነጋገርም።

በውስጥ መስመር ለምትጠይቁኝ ጥቂት ነገር። "ፐርቼዝ ፕሮቴክሽን" የሚባለው ከዚህ ይለያል፤ እሱ አንዳንድ ካርዶች ላይ የሚገኝ፣ የገዛነው ዕቃ ከተገዛ በጥቂት ወራት ውስጥ ቢሰረቅ ወይም ቢሰበር የሚክስ ኢንሹራንስ ነው። ካርዳችሁ እንዳለው የጥቅማ ጥቅም መመሪያው ላይ እዩ። እንግሊዝ ያላችሁ ደግሞ የተሻለ አላችሁ፤ በ1974ቱ የኮንሲውመር ክሬዲት አክት ሴክሽን 75 መሠረት ከ100 ፓውንድ በላይ እስከ 30,000 ፓውንድ ዋጋ ባለው ነገር የክሬዲት ካርድ ባንካችሁ ከሻጩ ጋር እኩል ተጠያቂ ነው። በዜል ለላከችው እህት ግን ይህ አይሠራላትም። ለእሷ ቴክስቶቹን ይዛ ወደ ትንንሽ ክሶች ችሎት መሄድ ነው፤ ቅጹን አብሬያት እሞላለሁ ብያታለሁ፣ ሐሙስ ቀጠሮ አለን። የእኔን ደብዳቤ ናሙና የምትፈልጉም ጻፉልኝና ስሜን አጥፍቼ እልክላችኋለሁ። ልጅቷ ነቃች፣ ልሂድ።