የአንድ ሜትር ዋጋ

የእኅቴ ልጅ ከላሊበላ ከተማ በላይ፣ ወደ አሸተን ማርያም በሚያወጣው አቀበት ሥር ትኖራለች። ዕድሜዋ ዘጠኝ ነው። ስትወለድ ዘግይታ አለቀሰች፤ ሕመሟን ሐኪሞች ኋላ ሴሬብራል ፓልሲ አሉት። ትምህርት ቤት እስክትደርስ አራት ጊዜ ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች። ለገና ከአዲስ አበባ የመጣ አጎቷ ይህን መቀመጥ ስንፍና አድርጎ ቆጠረው። አጎትየው እኔ ነኝ። «አንቺ ሰነፍ፣ ተነሽ እንጂ!» አልኋት። ተነሣች።

በዚያው ሰሞን ለቀናት በእግራቸው የተጓዙ ምእመናን ይገቡ ነበር። እኅቴም እንደ አገሩ ልማድ ውኃ አሙቃ የእንግዶቹን እግር ታጥባለች። ልጅቱ ጥግ ይዛ ታያለች።

ነገሩን የተረዳሁት ኋላ፣ ሳነብ ነው። አንዱ ጡንቻ ሲሳብ ሊላላ የሚገባው ሌላው አብሮ ይወጠራል፤ ልጅቱ በየእርምጃው ከገዛ እግሯ ጋር ትታገላለች። በቤተ ሙከራ ጭንብል አጥልቀው፣ ለአንድ ሜትር ጉዞ ስንት ኦክስጅን እንደሚፈጅ ይለካሉ፤ እንዲህ ያሉ ልጆች ከእኩዮቻቸው ሁለትና ሦስት እጥፍ የሚያወጡበት ጊዜ አለ። ጭንብል ለሌለው የልብ ትርታ አለለት፦ በጉዞ ከተቆጠረው የዕረፍቱ ይቀነስና ለፍጥነቱ ይካፈላል።

በየካቲት ተመለስሁ። በላስታ ደልዳላ መሬት መፈለግ ራሱ ሥራ ነው! ባዶ አውድማ አገኘን፤ ዙሪያው በገመድ ሲለካ 30 ሜትር። በአምስት ደቂቃ አምስት ጊዜ ዞረችው። ትርታዋ ከ92 ወደ 152 ወጣ፤ ለአንድ ሜትር ሁለት ምት ማለት ነው። ወንድሟ በዚያው ጊዜ አሥር ዙር ሄዶ ከ84 ወደ 112 ነው የደረሰው፤ የእርሱ ግማሽ ምት እንኳ አልሞላም። (በ2,500 ሜትር ከፍታ እያንዳንዱ ትንፋሽ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ከሚያዘው ሦስት አራተኛው ገደማ ነው፤ ይህ ግን ለሁለቱም እኩል ነው።)

ለእኅቴ ነገርኋት። «ይህን ለማወቅ ነው ልብ ስትቆጥር የዋልኸው?» አለችኝ። «መሶቡ ሳይከደን እንቅልፍ ሲጥላት ማየት ይበቃህ ነበር።»

ልጅቱ ግን፣ «አጎቴ፣ ቁጥሩን ጻፍልኝ» አለች።

«ለማን?»

«ለመምህሬ። ሳረፍድ ያንበረክከኛል።»

ጻፍሁላት። በማግሥቱ ወረቀቱን ደብተሯ ውስጥ ከትታ ወጣች። ከኋላዋ ተከተልሁ፤ በተቀመጠችበት ድንጋይ ሁሉ አጠገቧ ተቀመጥሁ። አርፍደን ደረስን።